መጀመሪያ ቆጠራው፣ ሲስተሙ ኋላ

ጥር 2012 ነው። አንድ የአይሱዙ ሾፌር የፍሪሲዮን ሸራ ፈልጎ ሱቃችን ገባ። ኮምፒውተሩ 14 አለ ይላል። የሽያጭ ልጁ ስቶር ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሾፌሩ ይቅርታችንን እንኳ ሳይሰማ ወጣና ከእኛ ሦስት ሱቅ አልፎ ገዛ። ማታ ስናጣራ 14ቱም ሸራ ወደ አዳማ ቅርንጫፍ ከተላከ ወር አልፎታል። የተላከበት ወረቀት የስቶር ኃላፊያችን መዝገብ ውስጥ በደንብ ተጽፏል። የእቃ መመዝገቢያው የኮምፒውተር ሲስተም ውስጥ ግን የለም።

ያንን ሲስተም ያስገዛሁት እኔ ነበርኩ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ባለ የመኪና መለዋወጫ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። የኦፕሬሽን ኃላፊ ነኝ። ያኔ 38 ሰዎች ነበርን። አዳማና ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለን። ድርጅቱን የመሠረቱትን ባለቤት ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት። ሥራውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የማዞሩን ኃላፊነት ሲሰጡኝ ዕድሜዬ 29 ነበር።

ዛሬ ሲስተማችን ይሠራል። ግን በሁለተኛው ሙከራ ነው የሠራው፣ ያውም በብዙ ልመና። ድርጅታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ተሰጥቷችሁ ከየት ልጀምር እያላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ያለፍንበትን እንዳለ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ከሸፈ? ሲስተሙ መጥፎ ስለነበር አይደለም። መስከረም 2012 ስንገዛ ሻጮቹ የሦስት ቀን ስልጠና ሰጡን፣ ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ገጽ የሚታይበት ቆንጆ ዳሽቦርድ አሳዩን። የእቃውን ዝርዝር ከሒሳብ ክፍል ኤክሴል ላይ ወስደን ጫንነው። ስህተቱ እዚያ ጋ ነው የተሠራው። ያ ኤክሴል የተዘጋጀው ከግዢ ሰነድ እንጂ ከመደርደሪያ አልነበረም። ማለትም የገዛነውን ያሳያል፣ ያለንን ግን አያሳይም። ሲስተሙ ገና ከመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ተነሳ። ሠራተኛው ሁለት ሦስት ጊዜ አይቶት ቁጥሩ ውሸት ሲሆንበት ዳግመኛ አላመነውም።

ሌላው ችግር ወረቀቱን የምናቆምበትን ቀን አለመቁረጣችን ነው። "ለጊዜው ሁለቱንም እንያዝ" አልን። ሰኞ ጠዋት ወይም የበዓል ሰሞን ሱቁ ሲጨናነቅ ሰው የቱን ይተዋል? የለመደውን አይተውም። መዝገቡ ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩ "በኋላ" ይባላል። ያ በኋላ ደግሞ አይመጣም። ሚያዝያ ላይ ሲስተሙን የሚከፍተው ከእኔ ሌላ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ በአገር ደረጃ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ጭራሽ አልከፍት አለ፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ነበር።

ሀጂ አንድም ቀን ወቀሳ አልተናገሩኝም። ዝም ማለታቸው ግን ከወቀሳ በላይ ከበደኝ።

እንደገና እንድንጀምር ያደረገን የብር ለውጥ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 አዲሶቹ ኖቶች ይፋ ሆኑ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ፣ የ200 ብር ኖት ተጨመረ። እኛ ሰፈር ጥሬ ብር በካዝና ይዞ መሥራት የተለመደ ነበርና ሁሉም ብሩን ይዞ ወደ ባንክ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቻችን በዝውውር መክፈል አበዙ። ኋላ በግንቦት ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ትንንሾቹ ጋራዦችም በስልክ መክፈል ጀመሩ።

ለደንበኛው ቀለለ፣ ለእኛ ግን ከበደ። ገንዘቡ ይገባል፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ላኪው የጋራዡ ባለቤት ሳይሆን ወንድሙ ይሆናል። ወይም ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በሌላ አጻጻፍ ይመጣል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስቴትመንቱን ይዛ "ይኼ 86,000 ብር የማን ነው?" እያለች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ስትዞር ትውላለች።

ገና ቴሌብር ሳይመጣ፣ አንድ ቀን ሀጂ ራሳቸው ለ20 ዓመት ደንበኛቸው ደውለው ዕዳውን ጠየቁ። ሰውየው "ሀጂ፣ እኔ ከከፈልኩ 12 ቀኔ ነው" አላቸው። ብሩ ገብቷል፣ ስሙ ግን አልተለየም። ሀጂ በጣም አፈሩ። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥተው ቆመው "ልጄ፣ ያ የጀመርሽው ነገር እንደገና ቢጀመር ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

ይህንን በዝርዝር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ጊዜ ለውጡ የእኔ ሐሳብ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ የሀጂ ችግር ሆነ። ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ በራሱ የሚያመውን ነገር ካላገኛችሁ ገና አትጀምሩ። ጠብቁ፣ ወይም ፈልጉት። በጀት ፈርሞ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ጭንቅ ቀን ሲመጣ ከጎን መቆም ሌላ ነገር ነው። እኛ ጭንቅ ቀን መጥቶብናል፣ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በዚህኛው ዙር ሶፍትዌር አልገዛንም። መቁጠር ጀመርን።

የስቶር ኃላፊያችን ያኔ 26 ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ስቶሩ ውስጥ ከ4,000 በላይ ዓይነት እቃ አለ፣ የሁሉም ቦታ ደግሞ በጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የታመሙ ቀን ሽያጫችን በግማሽ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዙር ያማከረን ሰው ለመደርደሪያዎቹ የፊደልና የቁጥር ኮድ አውጥቶ ለጥፎ ነበር። ጋሼ ኮዱን አንድም ቀን አልተጠቀሙበትም። ለካ የራሳቸው አድራሻ ነበራቸው። "ከመስኮቱ ሥር"፣ "ከተሰበረው ሚዛን አጠገብ"፣ "ዝናብ የሚገባበት ጥግ"። እኛ ሳንጠይቃቸው ነው ሌላ ስም የሰጠነው።

ቆጠራውን ስንጀምር ጋሼን በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው። ሁለት ወጣቶች ስልክ ይዘው አጠገባቸው ቆሙ። እያንዳንዱ እቃ በጋሼ እጅ ያልፋል፤ እሳቸው ስሙን ይጠራሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ነበር የምንሠራው። አምስት ወር ፈጀ።

በመጀመሪያው ሳምንት ኩሽኔት ላይ ደረስን። ሒሳብ ክፍሉ ቤሪንግ ብሎ መዝግቦታል። ስቶሩ ኩሽኔት ይለዋል። ሽያጩ በቁጥሩ 6203 ይለዋል። የድሮው ሲስተም ውስጥ ይኼ አንድ እቃ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ጋሼ አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ጎኑን ዳሰሱና "ይኼ ባለ ጎማ ነው" አሉ። ሌላውን አንስተው "ይኼ ባለ ብረት ክዳን ነው" አሉ። ሁለቱም ውስጣቸው 17፣ ውጫቸው 40፣ ውፍረታቸው 12 ሚሊ ሜትር ነው። በልክ አንድ ናቸው። ባለ ጎማው ግን ውሃና አቧራ በተሻለ ይከላከላል፣ ባለ ብረቱ ፍጥነት ላለበት ቦታ ይመረጣል። የድሮው ሲስተም አንዱን እቃ ሦስት አድርጎት ነበር፣ ሁለቱን የተለያዩ እቃዎች ደግሞ አንድ። ስንት ደንበኛ የማይሆነውን ይዞ ሄዶ ተመልሶ እንደመጣ አስቡት።

የእኛ ሰፈር የመለዋወጫ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ ባሌስትራ፣ ፖምፓ። መካኒኩ የሚጠራው እንዲህ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው። የጉምሩክ ሰነዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እቃ አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጥተን ሥሩ ሰዎች የሚጠሩትን ስም ሁሉ አስገባን። በየትኛውም ስም ብትፈልጉት አንድ ቦታ ያደርሳችኋል። የቦታውን ኮድም መለስነው፣ ግን ከጎኑ የጋሼን አድራሻ ጻፍንበት። ሚዛኑ ከተጣለ ቆይቷል። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ግን ዛሬም "ከተሰበረው ሚዛን አጠገብ" ብለው ይፈልጋሉ፣ ያገኛሉም።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጋሼ ሥራው መሐል ቆም ብለው "ይኼንን ሁሉ ከጭንቅላቴ አውጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እኔ ምን እሠራለሁ?" አሉኝ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። "ኧረ ጋሼ፣ ምን ይሆናሉ ብለው ነው" ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ግን አላደረግኩትም። ሀጂ ጋ ሄጄ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ጋሼ ደመወዛቸው ሳይነካ፣ አዲስ የሚገባ እቃ ሁሉ ስሙና ዓይነቱ በእሳቸው ሳይጸድቅ ወደ ሲስተሙ እንዳይገባ የሚል ደብዳቤ ነው። ማህተም ያለበት። ጋሼ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ ቆጠራው በእጥፍ ፈጠነ።

ሰው እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚከላከለው። እውቀቱ እንጀራው ነው። እንጀራውን ነጥቃችሁ ተባበረኝ ብትሉት አይሆንም። በአፍ የምትሰጡት ተስፋ ደግሞ እንደ ወረቀት አይታመንም።

አሁን ወዳልኩት ጭንቅ ቀን ልምጣ።

ግንቦት 2013 መጨረሻ ላይ ቆጠራው አለቀና ከሒሳብ ሰነዱ ጋር አመሳከርነው። ጉድለቱ ትልቅ ነበር። ገንዘቡን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን ሀጂ ወረቀቱን አይተው ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። "ይኼ ሁሉ እቃ የት ገባ?" አሉ። እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው። ከፊሉ ወደ ቅርንጫፍ ሄዶ ያልተመዘገበ ነው። ከፊሉ በዱቤ ወጥቶ የተረሳ ነው። ከፊሉ ተሰብሮ የተጣለ ነው። ከፊሉ ተሰርቆም ሊሆን ይችላል፤ የ26 ዓመት ነገር ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ከሒሳብ ክፍል መጣ። ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስቶር ደረሰ። በማግስቱ ሁለቱ ወጣት ቆጣሪዎች ሥራ አልገቡም።

ሀጂን ብቻቸውን አግኝቼ እንዲህ አልኳቸው፦ "ሀጂ፣ ይኼ ሱቁ ከተከፈተ ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጥር ነው። በዚህ ቁጥር አንድ ሰው ከተጠየቀ፣ ከነገ ጀምሮ እውነት የሚያስገባልን አይኖርም። ያኔ ሲስተሙን ብንገዛውም ባዶ ነው።" አልመለሱልኝም። ሁለት ቀን ሙሉ አልተናገሩም። እኔም መልቀቂያዬን በልቤ እየጻፍኩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንንም ሰበሰቡን። ቡና ተፈላ። ረጅም ንግግር አላደረጉም። "ያለፈው አልፏል፣ አውፍ ብያለሁ። ማንም ስለ ድሮው አይጠየቅም። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ግን ሁላችንም በአንድ መዝገብ ነን፣ እኔም ጭምር" አሉ። "እኔም ጭምር" ያሉት ነገር ትልቅ ነበር። ከዚያ በፊት ሀጂ ለዘመድ እቃ ሲሰጡ አይመዘገብም ነበርና።

ሐምሌ 1 የበጀት ዓመት መጀመሪያ ስለሆነ ለሒሳቡም ተስማሚ ነው። በዚህኛው ዙር በፕሮግራመር ያሠራነው አዲሱ ሲስተም በዚያ ቀን ተከፈተ። ቁጥሩ የተነሳው ከመደርደሪያው ነው። እስከ ነሐሴ 10 ከወረቀት ጋር ጎን ለጎን ሄድን፣ ነሐሴ 11 መዝገቦቹን ሰብስበን ቆልፈን አስቀመጥናቸው። ቀኑን ቀድመን ተናግረን ነበር፣ አንድም ቀን አላራዘምነውም።

ሽያጭ ክፍሉ በሌላ መንገድ ነው የፈራው። የኛ ሻጭ ሀብቱ ደንበኛው ነው። ስልክ ቁጥሩን፣ ምን ያህል ዱቤ እንደሚታመን፣ መቼ እንደሚከፍል የሚያውቀው እሱ ነው። ይኼንን ሲስተም ውስጥ ካስገባ ነገ በሌላ ሰው እንደሚተኩት ያስባል። የመጀመሪያ ወር ያስገቡት የደንበኛ ስልክ ብዙው የራሳቸው ስልክ ነበር! መቆጣት አላስፈለገም። ደንበኛውን ያስገባው ሻጭ እዚህ እስካለ ድረስ፣ ማንም ቢሸጥለት፣ ኮሚሽኑ የእሱ ነው የሚል ደንብ አወጣን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁጥሮቹ ተስተካከሉ።

ክፍያውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጎዳበት። የዝውውር ስክሪንሾት አይታችሁ እቃ አትልቀቁ። ሀሰተኛ ስክሪንሾት መሥራት ቀላል ነው። እኛ አንድ ጊዜ ባሌስትራ የጫነ ሰው እንዲሁ ሄዶብናል። አሁን ብሩ ሒሳባችን ላይ መግባቱ ሳይረጋገጥ ሲስተሙ የመውጫ ወረቀት አያትምም። በየዝውውሩ ምክንያት ላይ የሽያጭ ቁጥሩን እንዲጽፉ ደንበኞቻችንን እናሳስባለን። "ይኼ ብር የማን ነው" የሚለው ጥያቄ ጨርሶ ባይጠፋም በጣም ቀንሷል።

ሲስተሙን የሠራልን ልጅ እዚሁ አዲስ አበባ ያደገ ነው። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ነገር አምልጦታል። ሲስተም ስታሠሩ ወይም ስትገዙ እነዚህን በደንብ ጠይቁ። ዘመን አቆጣጠሩን፣ በተለይ ጳጉሜን። የኛ ሲስተም የመጀመሪያውን ጳጉሜ ሲያገኝ የወሩን ሪፖርት አምታታው። ሰዓቱን። ሐዋሳ "3 ሰዓት ላይ ጭነት ይምጣልኝ" ብላ ጻፈች፣ ሲስተሙ በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት 3 ብሎ መዘገበው፣ ጭነቱ 9 ሰዓት ላይ ደረሰ። ፊደሉን። አንዱ ሃይድሮሊክ፣ አንዱ ሀይድሮሊክ፣ ሌላው ሐይድሮሊክ ብሎ ይጽፋል። ፍለጋው እነዚህን እንደ ሦስት የተለያዩ ቃላት ካያቸው እቃው እያለ "የለም" ይላል። መፍትሔው ለፕሮግራመር ቀላል ነው። ሲፈልግ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሃን እንደ አንድ እንዲያያቸው ማድረግ ነው። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። ያለዚህ ግን የአማርኛ ፍለጋ አይታመንም።

መብራትና ኢንተርኔት የሚጠፋበት አገር ላይ ነው የምንሠራው። ሲስተሙ ሱቁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት ሲኖር ከቅርንጫፎቹ ጋር ይናበባል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ የሚይዘው ለተወሰነ ጊዜ ነው። እሱም ሲያልቅ ቁጥር ያለው ካርቦን ወረቀት አለን፣ በማግስቱ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ይገባል። ቁጥሩ ተከታታይ ስለሆነ አንድ ወረቀት ቢጎድል ይታወቃል። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኙ ደግሞ ለብቻው የግድ ይቆረጣል፤ የሲስተሙ ወረቀት እሱን አይተካም። አዳዲስ ሠራተኞች ይኼንን ስለሚያምታቱት ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

አንዴ መሠረቱ ከቆመ በኋላ ሐሳብ እንደ ጉድ መጣ። ሐሳብ መብዛቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። 2014 ላይ ጋራዦች የሚያዙበት የስልክ መተግበሪያ አሠራን። ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ ጥሩ ገንዘብም ወጣበት። ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው እየዞርን አስጫንን። መካኒኩ እጁ ዘይት ነው፣ ስልኩ ሞልቷል፣ ካርድ ይቆጥባል። በሁለት ወር ውስጥ የሚጠቀምበት ጠፋ።

በዚያው ሰሞን እቃ የሚያደርሰው ሞተረኛችን አንድ ነገር አሳየኝ። መካኒኮቹ የተበላሸውን እቃ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩለታል፣ እሱ ስቶር ገብቶ ከእቃው ጋር ያስተያያል። ማንም ሳይነግረው ለራሱ የጀመረው ነው። ጋሼም "ፎቶው ላይ ቁጥሩ ከታየ እኔ ሳልወጣ እነግራችኋለሁ" አሉ። መተግበሪያውን ዘጋነው። በምትኩ አንድ የቴሌግራም አካውንት ከፍተን የሚመጣውን ፎቶ ተቀብላ ከእቃው ቁጥር ጋር የምታዛምድ ልጅ መደብን። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጋራዦች የሚመጣው ትእዛዝ አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሳብን የምናስተናግድበት አንድ ሥርዓት አለን። ሐሙስ ከሰዓት ለአርባ ደቂቃ እንቀመጣለን። ሐሳብ ያለው ሰው በአንድ ገጽ ይጽፋል። የማን ችግር ነው? ሰዎቹ አሁን ችግሩን በምን እየተወጡት ነው? ሙከራው በየትኛው ቀን ያልቃል? ከእነዚህ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው ብዙውን የሚወስነው። መተግበሪያውን ያሠራሁ ጊዜ ይህንን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ቴሌግራሙን በአንድ ቀን አገኘው ነበር። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ራሱ ይሞክረዋል፣ ለዚያ በሳምንት ግማሽ ቀን ከሥራው ይለቀቃል። ቀኑ ሲደርስ ይቀጥል ወይም ይዘጋ እንላለን። የተዘጋበት ሰው አይወቀስም። የሱቅ በር ላይ ዋጋ የሚያሳይ ስክሪን ሞክረን ዘግተናል፤ እኛ ሰፈር ሳይከራከር የሚገዛ የለም፣ ደንበኛው የተቆረጠ ዋጋ ሲያይ ሳይጠይቅ ያልፋል። ሐሳቡን ያመጣችው ልጅ በወሩ ሌላ ሐሳብ ይዛ መጣች። እኔን ያስደሰተኝ ያ ነው።

የሠራነው ነገር ዋጋው የገባኝ ግን ሐምሌ 2016 ነው። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እቃ የሚያስመጣ ሁሉ ተደናገጠ። ዋጋ ጨምሮ የሚሸጥ አለ፣ እቃ ሸሽጎ ሱቅ የዘጋም አለ። በድሮው መዝገብ ብንሆን ኖሮ እኛም ከእነዚህ አንዱን እናደርግ ነበር፣ ሌላ የምንይዘው ነገር አልነበረንምና። አሁን ግን በዚያው ምሽት ቁጭ ብለን እያንዳንዱ እቃ ስንት እንደቀረ፣ በስንት ምንዛሪ እንደገባ፣ በሚሸጥበት ፍጥነት መቼ እንደሚያልቅ አየን። ቶሎ የሚያልቀውንና መልሰን ማስመጣት ያለብንን ለየነው። እሱ ላይ ቀስ በቀስ ጨመርን። ለወራት የሚበቃ ክምችት ያለንን በድሮው ዋጋ ለቋሚ ደንበኞች ሸጥን። ሀጂ በዚህ ውሳኔ በጣም ደስ አላቸው። "ሰው የቸገረው ቀን ምን እንዳለኝ አውቄ ሸጥኩ" ሲሉ ለእንግዶቻቸው ይናገሩታል።

ጋሼ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጡ። ሁለቱ ቆጣሪ ልጆች አሁን ስቶሩን ይመራሉ። ያልታወቀ እቃ ሲገባ ፎቶውን በቴሌግራም ለጋሼ ይልካሉ፣ እሳቸውም በድምፅ ይመልሳሉ። ሀጂ ለዚህ በየወሩ ትንሽ ይከፍሏቸዋል።

ያልጨረስነው የሐዋሳ ዱቤ ነው። የቅርንጫፉ ኃላፊ እስካሁን በደብተር ነው የሚይዙት። ለረጅም ጊዜ እልከኝነት መስሎኝ ነበር። ባለፈው ወር ሄጄ ደብተሩን ሲያሳዩኝ ነው የገባኝ። እዚያ ያሉት ደንበኞች ቡና የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ባለቤቶች ናቸው። ክረምት ላይ ጎማና ፍሬን ሸራ ይወስዳሉ፣ የሚከፍሉት ቡናው ሲሸጥ ነው። ሲስተማችን ደግሞ የክፍያ ቀን ካልተሞላ ዱቤ አይመዘግብም። እሳቸው የውሸት ቀን መሙላት አልፈለጉም። ደብተሩ ላይ በየስሙ ፊት "ቡና ሲሸጥ" ብለው ጽፈዋል። ፕሮግራመሩ ይህችን ቃል ሲስተሙ እንዲቀበላት እያስተካከለ ነው። ሰኞ ሐዋሳ እወርዳለሁ፣ ደብተሩን ከእሳቸው ጋር ገጽ በገጽ እናየዋለን።